ፊያት 124 ስፓይደር፦ ትልቅ ካርብራተር ልግጠምላት?

ጥያቄ፦
አራት ኪሎ፣ ግቢያችን ውስጥ የአባቴን መኪና፣ ፊያት 124 ስፓይደር፣ እየሠራሁ ነው። የ1974 እ.ኤ.አ. ሥሪት ናት፤ ሞተሯ 1756 ሲሲ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴ እዚያው ነው። አሁን ትነሳለች፤ ግን ወደ እንጦጦ ስወጣ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፣ ጉልበት ያንሳታል። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ስፈታቸው እንደ ጀበና ቂጥ ጠቁረዋል። ትልቅ ካርብራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ይሻላታል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ዋናውን ጄት (ካርብራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርገህ ሞክር። ቀዳዳውን በሽቦ እንዳትጎረጉረው፣ ይሰፋል! ትንሽ ነድተህ ካንዴላውን እየው። ቡናማ ከሆነ ደርሰሃል።

ሌላ መልስ፦
ጉልበት ከመጨመርህ በፊት የሞተሩን ቺንጋ (ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍተውን ቀበቶ) ቀይር፤ ዕድሜውን ካላወቅህ አትመነው። ዝገት እንዳለበት ለማወቅ ላሜራውንም ከሥር በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አድርገው። የእኔን ቀለም ቀቢው ዝገቱን በስቱኮ ሸፍኖ አስረከበኝ። ክረምት ሲገባ ተፈነቀለ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጠያቂው፦
ጄቱን ሶማሌ ተራ አገኘሁት። ዛሬ ስድስት ኪሎን አልፌ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወጣሁ። ጭስ የለም! አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ዝም ብሎ ዳሽቦርዱን ይዳብስ ነበር። ቺንጋው የፊታችን ቅዳሜ ይቀየራል።