የአጥር በሬን እንጨት የሚበሳው ትልቅ ጥቁር ንብ ምንድን ነው? (ደሴ)

ጓሮ ከጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቲማቲሙና ዱባው ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር ንብ መሰል ነገር ትመላለሳለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። በአጥሩ በር ላይ ባለው የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደግሞ ከሥሩ በኩል 4 ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከታች ሰጋቱራ ይጠራቀማል። አንዳንዴ ሌላ ወርቃማ ቢጫ፣ ጸጉራም የሆነ አየር ላይ ቆሞ ያፈጣል። የአውሮፓ ፊልም ላይ የሚታየው ትልቁ ጸጉራም ንብ፣ ባምብልቢ፣ ይሆን? ልጆች ስላሉ ይናደፋል ወይ? በሩስ ምን ይደረግ? ጓሮው ውስጥ የሚመጣውን ሁሉ መመዝገብም እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ንብ አርቢ ዘኩታበር፦
አብሽሪ እህቴ፣ ባምብልቢ አይደለም። ባምብልቢ ከ250 በላይ ዝርያ አለው፤ አገሩ ግን አውሮፓ፣ እስያና አሜሪካ ነው። ከአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ ብቻ ነው፤ ከሰሃራ በታች የለም። ያንቺዋ አናጢ ንብ ናት፤ ብዙ ሰው ጥንዚዛ ይላታል፣ ግን ጥንዚዛ ጀርባው ላይ ጠንካራ ቅርፊት የሆነ ክንፍ አለው፣ እሷ የላትም።

መለያው ሆዷ ነው። ባምብልቢ ሆዱ ድረስ በጸጉር የተሸፈነ ነው። አናጢ ንብ ደረቷ ጸጉራም ቢሆንም የሆዷ ጀርባ ገላጣና የሚያብረቀርቅ ነው። ቢጫው ሌላ ዝርያ ላይሆን ይችላል፤ በአንዳንድ አናጢ ንቦች ሴቷ ጥቁር፣ ወንዱ ቢጫ ነው። አንድ ቦታ አየር ላይ ቆሞ መጠበቅና አላፊውን ሁሉ ማባረር የወንዱ ጠባይ ነው። ፊት ለፊት ቢያፈጥም መንደፊያ የለውም። ሴቷ አላት፣ ነገር ግን በእጅ ካልተጨበጠች ወይም በባዶ እግር ካልተረገጠች አትናደፍም። ልጆች ቀዳዳው ውስጥ ጣት ወይም እንጨት እንዳይከቱ ብቻ ንገሪያቸው።

እንጨት አትበላም። ወደ 1 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ትበሳና ወደ ጎን ታጥፋ የእንጨቱን ጭረት ተከትላ ትሄዳለች። ውስጡን ክፍል በክፍል ትከፍለዋለች፤ በየክፍሉ የአበባ ዱቄትና የአበባ ወለላ ለውሳ ታስቀምጣለች፣ አንድ እንቁላል ትጥልበታለች፣ ባኘከችው ብናኝ ትዘጋዋለች። እንደ ማር ንብ መንጋ የላትም፤ ስለዚህ ተሰብስቦ የሚያጠቃ የለም።

ሰፈርተኛ፦
ምን ያስቸግራል? ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጎ በጭቃ መድፈን ነው። እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚደረገው።

እንጨት ሠሪ፣ ኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ይሄ ምክር ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ጋዝ የጠጣ ደረቅ እንጨት በር ላይ መተው ለእሳት ነው። ጭቃው ደግሞ አይዛትም፤ ውስጥ ያለችው በሌላ በኩል ትበሳና አንድ የነበረው ቀዳዳ ሁለት ይሆናል።

መጀመሪያ ቀዳዳው ባዶ መሆኑን እወቂ። ማታ ጀንበር ከገባች በኋላ አፉ ላይ ትንሽ ለስላሳ ቅጠል ጠቅልለሽ ላላ አድርገሽ ክተቺ። በማግስቱ ቀትር ተገፍቶ ከወጣ ባለቤት አለው፤ ተዪው። ሦስት ፀሐያማ ቀን ሙሉ ካልተነካ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ ያልወጣ ጫጩት ሊኖር ስለሚችል ግን ለመድፈን አትቸኩዪ፣ ወራት ታግሰሽ እንደገና ፈትኚ። ከዚያ ልኩ የሆነ የደረቅ እንጨት ውታፍ በኮላ ቀብተሽ ምቺና ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዪ። ቀጥሎ እንጨቱን በሙሉ፣ በተለይ ከሥሩ ያለውን ገጽ፣ ሁለት ጊዜ በዘይት ቀለም ቀቢ። የምትመርጠው ቀለም ያልነካው ደረቅ እንጨት ነው። ሰው ፊት ለፊቱን ቀብቶ ሥሩን ይተዋል፤ እሷም የምትገባው በዚያው ነው።

4 ቀዳዳ ወፍራም አግዳሚን አይጥልም። ቀጭን ማገር ከሆነ ወይም ያንኑ ጎሬ ዓመት በዓመት እያረዘሙት ከሆነ ግን ያሳሳዋል፤ በመዶሻ እጀታ ስትነኪው ባዶ ድምፅ ከሰጠ ቀይሪው።

ከመድፈንሽ በፊት ሌላ ቤት ስጫት። አብቦ የደረቀ የቃጫ ግንድ ካለሽ አትጣዪው፤ ከእሱ የበለጠ የሚስማማት የለም። 1 ሜትር ያህል ቆርጠሽ ከአጥሩ ጋር አጥብቀሽ እሰሪ። ቀርከሃም ይሆናል፦ ውስጡ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር የሚሰፋውን፣ በአንድ በኩል አንጓው የተዘጋ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ቁረጪ። 10 ያህሉን በአንድ ላይ እሰሪና አፋቸውን ወደ ምሥራቅ አድርገሽ ከክዳን ሥር አኑሪ። ንፋስ የሚያወዛውዘው ከሆነ አትገባበትም፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ ውስጡ ይሻግታል።

የጓሮ አትክልት፣ ሐይቅ፦
ሰላም ዐለይኩም። ቲማቲም ያለው ሰው አናጢ ንብን ማባረር የለበትም። የቲማቲምና የደበርጃን አበባ ዱቄቱን በቀላሉ አይለቅም፤ አናጢ ንብ አበባው ላይ ተንጠልጥላ ጡንቻዋን ስታርገበግብ በደንብ ይረግፋል። የማር ንብ ይህን አትችልም። የፓሽን ፍሩትም ዋና አዳቃይ አናጢ ንብ ናት፤ አበባው ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ንብ ወለላውን ጠጥታ ዱቄቱን ሳትነካ ትሄዳለች።

ግን የቲማቲም አበባ ሲረግፍ ሁሌ የንብ እጥረት እንዳይመስልሽ። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በዚህ ብርድ ዱቄቱ ራሱ ስለሚደክም ንብ ቢመጣም ፍሬ አይዝም። የዱባ አበባ ደግሞ ማለዳ ተከፍቶ ቀትር ሳይሞላ ይጠወልጋል፤ ንብ ካላየሽ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀጭን አንገት ያለውን ወንዱን ቆርጠሽ ሥሩ ላይ ትንሽ ዱባ ካለው ከሴቴው ጋር አነካኪው። የተባይ መድኃኒት መርጨት ግድ ከሆነብሽ አበባ ላይ አይሁን፣ ሰዓቱም ከ12 ሰዓት ማታ በኋላ፤ ማላታይን ንብ ይገድላል።

ለምዝገባው፦ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ያበበ ቦታ ምረጪ፤ በሶብላ፣ ግራዋ ወይም በመስከረም አደይ አበባ። ፀሐይ ባለበትና ንፋስ በሌለበት ቀን ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት መካከል ለ15 ደቂቃ ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በዚያው ቦታ። ቀን፣ ሰዓት፣ አበባው፣ የመጣው፣ ስንት ጊዜ፤ ይህ ይበቃል። ምንም ያልመጣበትን ቀንም ጻፊ፣ ካልጻፍሽው ኋላ ስታነጻጽሪ ትሳሳቻለሽ። ንብ መስሎ ዝንብ የሚሆን ብዙ አለ፦ ዝንብ 2 ክንፍ፣ ንብ 4 ክንፍ አላት፤ የዝንብ ቀንድ አጭር፣ ዓይኑ ትልቅ ነው። ፎቶ ስታነሺ ከጎን፣ ከላይና ከፊት ሦስቱንም ያዢ፤ ቀዳዳውን ግን ከማስመሪያ ጋር። ስሙን ለማወቅ አይናቹራሊስት (iNaturalist) በሚባለው ሰዎች የእንስሳትና የዕፅዋት ፎቶ በሚለዩበት ድረ ገጽ ላይ ብትጭኚው የሚለይልሽ ሰው ታገኛለሽ።

ጓሮ ከጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ከግንቡ ሥር መሬት ውስጥ በጠባብ ቀዳዳ የሚገቡ ደቃቃ ንቦችም አሉ። የማይናደፉ ይመስላሉ። ጣዝማ ይሆኑ?

ንብ አርቢ ዘኩታበር፦
ሊሆኑ ይችላሉ፤ መሬት ውስጥ ለየብቻ የሚኖሩም ሌሎች ንቦች ስላሉ በሩን እዪ። በአንድ ቀዳዳ ብዙዎች ተከታትለው የሚገቡና የሚወጡ ከሆነ፣ አፉ ላይም ጠባቂዎች ከታዩ ጣዝማ ነው። በየቀዳዳው አንዲት ብቻ ከሆነች አይደለም። ጣዝማ ከሆነ አካባቢውን አትቆፍሪ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ዙሪያውን በትንሽ ቦይ አሳልፊ። ማሩን ብለው የሚመጡ ካሉ እንቢ በያቸው፤ ለማሩ ሲቆፈር ብዙ ጊዜ ጎጆው በሙሉ ይጠፋል።