ኮሮላ ወይስ ካምሪ? ጉልበቷን ለሚያማት እናቴ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፍላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ ናት። ሁለቱንም ጉልበቷን ያማታል። ያለችኝ መኪና ጠባብ ናት። እማዬ ስትወርድ የበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትነሳው። ሳያት አንጀቴን ትበላዋለች። ፊት ተቀመጪ ብላት እሺ አትልም፤ ከልጄ አጠገብ ካልሆነች አይሆንላትም።

ያገለገሉ ሁለት መኪኖች አይቻለሁ። ሁለቱም የ2014 ሞዴል ናቸው። ትልቋ ካምሪ ስለሆነች ለሷ ልቆርጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የኋላው የእግር ቦታ ለኮሮላ 41.4 ኢንች፣ ለካምሪ 38.9 ይላል። ትንሿ መኪና እንዴት በለጠች?

ሄጄ ሁለቱም ላይ ተቀመጥኩ። ኮሮላ ላይ ጉልበቴ ከፊቱ ወንበር በደንብ ይርቃል። ወንበሩ ግን ጠንከር ይላል፣ ጭኔንም እስከ ጫፍ አልደገፈኝም። የካምሪው ለስለስ ያለ ነው፤ ለትከሻም ሰፋ ይላል። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ። አምስት ደቂቃ ተቀምጬ የእሷን ሕመም ማወቅ አልችልም።

ጉልበቱን የሚያመው ሰው የምታመላልሱ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የሚጠቅመው የእግሩ ቦታ ነው ወይስ የወንበሩ ከፍታ? ትራስ ደርባችሁ የሞከራችሁስ አላችሁ? ሻጩ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚጠብቀኝ።