ፊተኛው ጎማ ሲጠብቅ አይዞርም፣ ሲላላ ይወላገዳል፤ ምን ላድርግ?

የሱሉልታ ሞተረኛ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ነው የምኖረው። አጎቴ የተወልኝ አንድ አሮጌ ቢኤምደብልዩ ሞተር ሳይክል አለኝ። አር 60/5 ነው፤ ሊብሬው ላይ እ.ኤ.አ. 1972 ይላል። ለዓመታት ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ዘንድሮ አስነሳሁት። ኤንጂኑ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ጎማው ነው።

የፊተኛው ጎማ ሲዞር አሸዋ የሚፈጭ ይመስል ነበር። እዚሁ ሰፈር ያለ መካኒክ ፈታው። ሁለቱም ኩሽኔታዎች (ጎማው የሚዞርባቸው ቤሪንጎች) ዝገዋል። ላያቸው ላይ ያለውን ቁጥር፣ 30203፣ ይዤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩና አዲስ ገዛሁ። ገጠመልኝ። አሁን የፔርኖውን፣ ማለት ጎማው መሀል የሚያልፈውን ዘንግ፣ ዳዶ ሳጠብቀው ጎማው ጭራሽ አይዞርም። ትንሽ ሳላላው ይዞራል፣ ግን ላይና ታች ይዤ ሳወዛውዘው ቋ ቋ ይላል። መካኒኩ "መሀል ላይ ፈልግለትና ተወው፣ ሲለምድ ይስተካከላል" አለኝ። አምኜው እስከ ጫንጮ ሄጄ ተመለስኩ። መሪው እየተንቀጠቀጠ ነፍሴን አወጣት። ቤት ስደርስ ዳዶው በጣት የሚፈታ ሆኗል።

ኩሽኔታው ፎርጅድ ይሆን? ሌላ ልግዛ?

እግረ መንገዴን፣ ከተገጠመ በኋላ አንዲት ወፍራም የብረት ቀለበት ተርፋለች። "ሮንዴላ ናት፣ አታስፈልግም" ብሎኛል። ስኒ ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

ባለ ቶርኖ (ቡራዩ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሞተሩን አቁም። ከዛ ያቺን ቀለበት ከስኒው አውጣና ጠርገህ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላት። መድኃኒትህ እሷ ናት።

ያንተ ጎማ ውስጥ ያለው እንደ ህንዱ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ባለ ብይ ኩሽኔታ አይደለም። ባለ ብዩን ቦታው ድረስ መትተህ ታስገባለህ፣ ዳዶውን ታጠብቃለህ፣ አለቀ። መካኒክህ የለመደው እሱን ይሆናል፣ አልፈርድበትም። 30203 ግን ሾጣጣ ሮለር ነው። ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይመጣል። አንዱ ሞዞው ውስጥ፣ ማለት የጎማው እምብርት ውስጥ፣ ተጣብቆ የሚቀረው ቅርፊት ነው። ሌላው ሮለሮቹን የያዘው ውስጠኛው ነው። ሁለቱን ውስጠኞች ከግራና ከቀኝ ወደ መሀል በገፋሃቸው መጠን ሮለሮቹ ቅርፊታቸው ውስጥ ይሰነቀራሉ። ቡሽ ጠርሙስ አፍ ላይ እንደሚሰነቀረው።

እንዳይሰነቀሩ የሚከለክለው በመሀላቸው ያለው ቱቦና ያቺ ቀለበት ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ኃይሉን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ቀለበቷ ስትወጣ መሀሉ አጠረ። ስለዚህ ዳዶህ የሚያንቀው ሮለሮቹን ነው። ቀለበቷ ከልክ በላይ ከወፈረች ጎማው ይላወሳል፣ ከቀጠነች ይታነቃል። ልኩ በሚሊሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። ፋብሪካውም በተለያየ ውፍረት የሚያወጣት ለዚህ ነው።

ጋሽ ላዳ

ልጆች፣ ነገር አታካብዱ። እኔ ሰማያዊ ላዳ ስጠግን ነው ያረጀሁት። የላዳም ፊተኛ ጎማ ሾጣጣ ኩሽኔታ ነው። ጎማውን እያዞርክ ዳዶውን ታጠብቃለህ፣ ሮለሮቹ ቦታቸውን ሲይዙ ትንሽ መልሰህ ታላላለህ። ቶርኖ ቤት አያስኬድ፣ ገንዘብ አያስወጣ። መካኒኩ "መሀል ላይ ፈልግለት" ያለው እኮ ይሄንኑ ነው። ጥፋቱ ዳዶውን አለመቆለፉ ነው።

እህተ ገላን

ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው፣ ለላዳ ያሉት ልክ ነው። እዚህ ግን አይሠራም። እኔ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው የምውለው፣ ሾጣጣ ኩሽኔታ ከእጄ አይጠፋም።

ላዳ ላይ ዘንጉ ከመኪናው ጋር ድርቅ ብሎ የተያያዘ ነው። የዳዶው ሥራ ኩሽኔታውን መያዝ ብቻ ነው። በሁለቱ ውስጠኞች መካከል ኃይል የሚሸከም ቱቦ የለም። ስለዚህ አላልቶ መቆለፍ ያስኬዳል። የዚህ ሞተር ፔርኖ ግን ከአንዱ ሹካ ወደ ሌላው የሚያልፍ ዘንግ ነው። ዳዶው ኩሽኔታውንም፣ ቱቦውንም፣ ሹካውንም አንድ ላይ ነው የሚጨብጠው። ግማሽ ጠብቆ ከቀረ ውስጠኞቹ ፔርኖው ላይ ይሽከረከሩና ይበሉታል። ሁለቱ ሹካዎችም እንደ አንድ መቆማቸው ይቀራል። መሪው የተንቀጠቀጠው፣ ዳዶውም በጣት የተፈታው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ይሄ ዳዶ ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል፣ 45 ኒውተን ሜትር። ጎማው ጠበቀም ላላም የሚነካው ቀለበቷ ብቻ ናት።

ጋሽ ላዳ

ዘንጉ ወዲያና ወዲህ የሚያልፍ መሆኑን ልብ አላልኩም። እሺ ልጄ፣ ተቀብያለሁ። ግን ያ ቶርክ ሬንች የሚባለውን፣ ኃይሉን እየለካ የሚያጠብቀውን መፍቻ፣ ሱሉልታ ላይ ከየት ያመጣዋል?

እህተ ገላን

በሚዛን ይሆናል ጋሼ። ከዳዶው መሀል 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ የመፍቻው እጀታ ላይ የመንጠቆ ሚዛን ያስራል። ከእጀታው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ሲስብ ሚዛኑ 15 ኪሎ ካለ 44 ኒውተን ሜትር ነው። በቂ ነው።

የሱሉልታ ሞተረኛ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ቀለበቷን ብመልሳት አለቀ ማለት ነው? ወይስ ኩሽኔታው ተበላሽቷል?

ባለ ቶርኖ (ቡራዩ)

አላለቀም። አዲሱ ኩሽኔታ ከድሮው ጋር በቁጥር አንድ ቢሆንም ቁመቱ በመቶኛ ሚሊሜትር ይለያያል። ቀለበቷ የተመረጠችው ለድሮው ነው። ለአዲሱ መለካት አለባት።

መጀመሪያ ግን ሁሉንም ፍታና በነጭ ጋዝ እጠብ። በኮምፕሬሰር አየር ስታደርቅ ኩሽኔታውን እያስጮህክ እንዳታሽከረክረው፣ ብዙ ሰው ይሄን ይወዳል። ቅርፊቱን ብርሃን ላይ አዙረህ እይ። ወጥ ግራጫ ከሆነ ደህና ነው። ጥፍርህ የሚይዘው መስመር፣ ጉድጓድ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካየህ ጣለው። ቅርፊቱንም ውስጠኛውንም አብረህ ነው የምትጥለው፣ የአንዱን ለሌላው አታጋባ።

ፎርጅድ ስላልከው፣ ሳጥኑን አትመን። የታወቀ ስም ያለበት ሳጥን ውስጥ ሌላ ነገር መግባቱ ያለ ነው። 30203 የሞተር ሳይክል ብቻ ዕቃ አይደለም፣ ማንኛውም ማሽን ላይ የሚገባ ቁጥር ነው። ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ቁመቱ 13.25 ሚሊሜትር። የፋብሪካ ኩሽኔታ የሚሸጡ ሱቆች ብትጠይቅ ይሻላል። ካሊፐር ይዘህ ሂድ።

የሱሉልታ ሞተረኛ (ጠያቂ)

ፈታሁት። የቀኙ ንጹህ ነው። የግራው ቅርፊት ላይ ግን በጥፍር የሚያዝ መስመር አለ። አዲስ አንድ ልግዛ እሺ፣ ግን ይሄ ቅርፊት እንዴት ነው የሚወጣው? መካኒኩ ሲያስገባው በመዶሻ ሲቀጠቅጠው ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ነው ያየን።

የለገጣፎ ጎረቤት

በመዶሻ አትሞክረው። እኔ ግማሽ ቀን ታግዬ ሞዞውን ቧጥጬው ቀረሁ። ሞዞው አልሙኒየም ነው፣ ቅርፊቱ ብረት። አልሙኒየም ሲሞቅ የብረትን እጥፍ ሊሆን ምንም ያህል በማይቀረው መጠን ይለጠጣል። ስለዚህ ማሞቅ ነው።

እኔ ያሞቅኩት በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ሳቁ! ልብ በሉ፣ ጡረታ በወጣው ምጣድ ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ብሞክረው ኖሮ ዛሬ ይሄን የምጽፈው ከእናቴ ቤት ሆኜ ነበር። የቀለጠ ግራሶ ሽታው ሦስት ቀን ከቤት አይወጣም፣ ደጅ አድርገው። ጎማውን፣ ካላማዳሪውንና ኦይል ሲሉን (ግራሶው እንዳይወጣ የሚይዘውን ቀለበት) አውልቀህ ቸርኬውን ከነሞዞው ምጣዱ ላይ ታጋድማለህ። ሞዞው ሲግል በወፍራም ጓንት አንስተህ እንጨት ላይ ድፍት ታደርገዋለህ። ቅርፊቱ ጠብ ይላል። በእጅህ እንኳ አትነካውም። አዲሱን ደግሞ በላስቲክ ጠቅልለህ ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። ሞዞው እንደጋለ ብትከተው ያለ መዶሻ ቁጭ ይላል። ፍጠን ብቻ፣ ከተጣመመ ደቂቃ አይሰጥህም።

እህተ ገላን

መሞቁን በውሃ ጠብታ ለክ። በነገራችን ላይ የፈላ ውሃ አፍስስበት የሚል ካለ አትስማው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሱሉልታ ላይ ከዛም ባነሰ ይፈላል። ሞዞው ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀዝቅዟል። ጠብታዋ ጭስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ደርሷል። እንደ ብይ ተንከባልላ መሸሽ ከጀመረች አልፏል፣ አውርደው። በኦክስጅን ብየዳ እሳት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ማጋልም አይሞከርም። የፍሬኑ ከበሮ እዛው ላይ ስላለ ይጣመማል።

ባለ ቶርኖ (ቡራዩ)

ቅርፊቱ ታች ድረስ መቀመጡን አረጋግጥ። ቦታው ሳይደርስ ከቀረ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ሲበርድ የድሮውን ቅርፊት ላዩ ላይ አድርገህ ቀስ ብለህ ምታው፣ ድምፁ ድፍን ካለ ደርሷል።

አሁን ዋናው ላይ ነን። ኦይል ሲል ሳታስገባ፣ ግራሶ ሳትቀባ፣ ጠብታ ዘይት ብቻ አድርገህ ኩሽኔታውን፣ ቱቦውንና ቀለበቷን ግጠም። ሹካው ላይ አትሰካው። በሹካው ፋንታ ፔርኖው ላይ ወፍራም የቧንቧ ቁራጭ አስገባና ዳዶውን በ45 አጥብቅ። ቸርኬውን አጋድመህ የፔርኖውን ጫፍ በሁለት ጣት አዙር። ልኩ እንዲህ ነው፦ ትንሽ ይይዝሃል፣ ግን ለስላሳ ነው፣ ስትለቀው ወዲያው ይቆማል። ላይ ታች ስትነቀንቀው ምንም የለም። እንደ እንዝርት ከሾረ ላልቷል። መፍቻ ካልያዝኩ አልዞርም ካለህ ታንቋል።

ከላላ ቆንጆ ነው፣ ቀለበት ማሳነስ ቀላል ስለሆነ። መላወሱን በዲያል ጌጅ፣ ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካው ባለ ቀስት መሣሪያ፣ ትለካለህ፣ ያንን ያህልና ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ጨምረህ ከቀለበቷ ላይ ታነሳለህ። ፕሪሎድ የሚሉት ይቺኑ ጭማሪ ነው። ከታነቀ ግን ወፍራም ቀለበት ማሠራት ነው። የቆርቆሮ ሮንዴላ ደርበህ እንዳትሸውደው፣ ተጨፍልቆ ይላላል።

የሱሉልታ ሞተረኛ (ጠያቂ)

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ምጣዱ ሠርቷል! ቅርፊቱ ሲወድቅ እኔው ነኝ የደነገጥኩት። አዲሱም ከፍሪዘር ወጥቶ ቁጭ አለ።

ቀለበቷን መልሼ በሚዛን አጠበቅኩት። ላላ። ቸርኬውን ተሸክሜ ባለ ቶርኖ ጋ ቡራዩ ድረስ ሄድኩ። በዲያል ጌጅ 0.11 መጣ። 0.15 እናንሳ ተባባልን። ማሽን ላይ የሚያስራት መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ፣ ዘይት ነካ አድርጎ፣ ቀለበቷን በጣቱ ስምንት ቁጥር እያስጻፈ ፈጋት። አሥር ጊዜ ፈግቶ በማይክሮሜትር አራት ቦታ ይለካል። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሁለት ጊዜ ገጥመን ፈታን። በሦስተኛው እንዳለው ሆነ። ስትለቀው ይቆማል።

ባለ ቶርኖ (ቡራዩ)

አራት ቦታ የምለካው ፊቷ እንዳይጋደል ነው። የተጋደለች ቀለበት ልኳ ቢደርስም አንዱን ጎን ብቻ ትጫናለች። አሁን ግራሶውን መዳፍህ ላይ አድርገህ ከሰፊው ጎን በኩል ሮለሮቹ መሀል እየገፋህ ሙላ፣ በወዲያኛው ጎን ብቅ እስኪል። ሊቲየም፣ ቁጥር 2። ሞዞውን ግጥም አድርገህ አትሙላው፣ ሲሞቅ ወደ ፍሬኑ ይወጣል።

ጋሽ ላዳ

ኦይል ሲሉንም አዲስ አድርግ። ላቫጆ ስትወስደው ደግሞ ያን የውሃ ጠመንጃ ሞዞው ላይ አታስደግን። ክረምት ላይ የሱሉልታን ጭቃ አውቀዋለሁ፣ ልጆቹ እስኪለቅ ነው የሚነፉት። ዝገቱ የመጣው ከዛ ሊሆን ይችላል።

የሱሉልታ ሞተረኛ (ጠያቂ)

ገጥሜ እንደገና ጫንጮ ደርሼ መጣሁ። መሪው ጸጥ ብሏል። ስደርስ ሞዞውን ዳሰስኩት፣ ለብ ብሏል እንጂ አይፋጅም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የኋላውም ሊከፈት ነው። የእሱም ቀለበት ይቺው ልክ ናት?

ባለ ቶርኖ (ቡራዩ)

አይደለችም። የኋላው የራሱ አለው። ሁለቱን አንድ ቀን እንዳትፈታቸው፣ ከፈታህም ለየብቻ ስኒ አድርግ።

የለገጣፎ ጎረቤት

ምጣድ ከፈለግክ የኔው አለ። ግራሶ ግራሶ ይሸታል እንጂ ይሠራል።