ዓባይ በረሃን ለመውረድና ለመውጣት የትኛው ሞተር ይሻላል? ቶሎ መልሱልኝ

ጠያቂ፣ ከደጀን
ወገኖች፣ አስቸኳይ ነው። ዛሬ ወደ ዓባይ ስወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለ። በማርሽ እየጎተትኩ እንደምንም ዳር አስያዝኩት። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሞተሩን አንድ ሰው ግቢ አቁሜዋለሁ። በዚህ መንገድ ከእንግዲህ አልነዳውም። አንድ ሻጭ ሁለት ያገለገሉ ሞተሮች አሉት፤ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 እና አፓቼ 180። ነገ ጠዋት ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል። ለጠምዛዛ መንገድ የቱን ልውሰድ?

ባለ ጋራዥ
እንኳን ተረፍክ። የቆመው ሞተር ፊቱም ኋላውም ታምቡር ፍሬን ነው አይደል? ታምቡር ሙቀት ይይዛል፤ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ውስጡ ሆኖ የሚይዘው የፍሬን ሸራ ይርቀዋል፣ መያዝ ያቅተዋል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ፊት ለፊት ዲስክ ያለው ይሻልሃል። ሁለቱም አላቸው። የፍሬን ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ግን ጠይቅ። ያረጀ ዘይት ውሃ ስለሚስብ ሲግል ይፈላል፤ ያኔ ዲስኩም አያድንህም።

ዝም ብዬ የማነብ
አፓቼ ውሰድ። ጉልበት አለው።

የድሮ ሹፌር
ልጄ፣ ሞተር መቀየር ምን ይፈይድልሃል? በስንተኛ ማርሽ ነበር የምትወርደው? በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ድሮም የተማርነው ይህንን ነው። በፎሌ፣ ማርሽ ሳታስገባ መውረድማ ሞት ነው። ኩርባው ጋ ሳትደርስ ፍጥነትህን ጨርስ፣ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አትንካ። ተሳቢ ሲመጣ ደግሞ ጭራው ያንተን መስመር እንደሚወስድ አስብ። እኛ እነዚያን ኩርባዎች በከባድ መኪና ስንወርድ አሁን ያለው አዲሱ ድልድይ እንኳ አልተሠራም ነበር። ወጣቱ ግን ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል!

ቀልደኛው
በቅሎ ግዛ ወንድሜ። ፍሬኗ አይግልም፣ ቤንዚንም አትጠይቅህም። ከምር ግን ባለ ሁለት ምት ሞተር ቢያቀርቡልህ እንዳትወስድ። የሞተሩ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ስለሚገባ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስትቀንስ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል፤ በማርሽ መያዙም ደካማ ነው።

ጠያቂ፣ ከደጀን
አመሰግናለሁ። ሰው አልጭንም። የከብት መድኃኒት ነው የማመላልሰው፣ ካርቶን ኋላ አስሬ። የማርሹን ነገር ተዉትና የቱ ይሻላል?

ባለ ጋራዥ
የጭነቱን ነገር መጀመሪያ ብትነግረን! ኋላ ከፍ አድርገህ ካሰርከው የፊት ጎማ ይቀልና ኩርባ ላይ አይታዘዝም። ዝቅ አድርገህ በሁለት ጎን እሰረው።

ዝም ብዬ የማነብ
አፓቼ አልኩህ እኮ።

የመስክ ሠራተኛ፣ ሴት ነኝ
ለሥራ ይህን መንገድ እመላለስበታለሁ። የአስፋልቱን ነገር ማንም አላነሳም። በረሃው ውስጥ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ብዙ ቦታ አብጧል፣ ተሰንጥቋል። ኩርባ ላይ ጠጠር አለ፣ የፈሰሰ ናፍጣ አለ። አፓቼ ለስላሳ አስፋልት ላይ ደስ ይላል፤ እብጠት ላይ ግን ያዘልልሃል። ኤክስቲዜድ የፊት ጎማው ትልቅ ነው፣ ሞላው ረጅም ነው፣ እጀታው ሰፊ ስለሆነ በዝግታ ስትታጠፍ አይከብድህም። ጉድለቱ ዳገት ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ ጉልበቱ በግምት 10 ከመቶ ይቀንሳል። 125 ሲሲ ጭኖ ወደ ደጀን ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ ያቃስታል። እኔ ብሆን ቀስ ብሎ መውጣቱን እመርጣለሁ፤ ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ቁመትህ አጭር ከሆነ ግን መጀመሪያ ኮርቻው ላይ ውጣና እግርህ መሬት ሲነካ እይ።

የድሮ ሹፌር
ልጅቷ ትክክል ናት። ማርሹን ግን አልመለሰልኝም።

ባለ ጋራዥ
እስማማለሁ፣ ኤክስቲዜድ። ጠዋት ስትሄድ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሳልህ በለው። የፊት ፍሬኑን ጨብጠህ ወደፊት ግፋው፤ መሪው አንገት ላይ ኳ ካለ መሪው የሚዞርበት ኩችኔታ አልቋል። የጎማው መሃል ብቻ ሳይሆን ጎንና ጎኑም ይታይ፤ ኩርባ የሚይዘው ጎኑ ነው። መለዋወጫ ደብረ ማርቆስ ይገኝ እንደሆነም አስቀድመህ ደውል።

አዲስ አባል
ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅና ለሊማሊሞስ የቱ ይሻላል? እኔ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሰው ጭኜ ነው የምወርደው።