የናቫሆ ምንጣፍ እውነተኛነቱ በምን ይለያል?

ቀሃ_ሠፈር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ላለው የእንግዳ ማረፊያችን ከአሜሪካ የመጣ የሱፍ ምንጣፍ አለ፤ 1.20 በ1.80 ሜትር፤ ቀይ፣ ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ። የናቫሆ (በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖር ነባር ሕዝብ) ጥንታዊ ሥራ ነው ተብሏል። እንዴት እናረጋግጥ? ግድግዳ ላይስ እንዴት ይሰቀላል?

አዘዞ_ሸማኔ፦ ጥለቱን ለጊዜው ተዉት፣ ማንም ይቀዳዋል። ጠርዙን እዩ። የናቫሆ ሸማኔ የምትሠራው ቀጥ ብሎ በቆመ የሽመና ዕቃ ላይ ነው፤ ድሩ ሳይቆረጥ ከላይ ታች እየተመላለሰ ስለሚወጠር እንደ ጋቢ የሚንጠለጠል ዘርፍ የለውም። አራቱም ጠርዝ ዝግ ነው፤ በየጎኑ የተገመደ ክር ይሄዳል። ድሩ ተቆርጦ ወደ ውስጥ ከተሸጎጠ፣ ወይም የዳርና ዳሩ ድሮች ጥንድ ሆነው ወፈር ካሉ የሜክሲኮ ቅጂ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ቀጥሎ ሰያፍ ስንጥቅ መሰል መስመር ፈልጉ፤ ሙሉውን ወርድ ባንዴ ሳይሆን ክፍል በክፍል ስትሠራ የሚቀር ነው። ካለ ደግ ምልክት ነው፤ ባይኖር ግን ብቻውን ሐሰተኛ አያሰኝም።

ድርና_ማግ፦ ልክ፤ ግን ዘርፍ አየሁ ብላችሁ አትጣሉት። በ1880ዎቹና 90ዎቹ (በፈረንጆቹ) ጀርመንታውን በሚባለው በፋብሪካ የተፈተለ የሱፍ ክር የተሠሩት ብዙዎቹ ድራቸው ጥጥ ነው፣ ዘርፍም ተጨምሮባቸዋል። የእናንተ ቀለማት የጋናዶን (በአሪዞና ያለ የናቫሆ ከተማ) ሥራ ይመስላሉ፤ ነጋዴው ሎሬንዞ ሃቤል በ1878 እዚያ ሱቅ ከያዘ በኋላ ያን ደማቅ ቀይ አበረታታ። ግራጫው ብዙውን ጊዜ ነጭና ጥቁር ሱፍ አብሮ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ውበቱ ደግሞ ከአሠራሩ ይመጣል፦ ማጉ ድሩን ጨርሶ ስለሚሸፍነው ሁለቱም ፊት አንድ ነው፤ ሰያፉ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ስለሚወጣ ቅርጹ ከሩቅ ሳይደበዝዝ ይታያል። ለግድግዳ የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ብል_ጠላት፦ ሚስማር እንዳትመቱበት! 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቬልክሮ (ሁለት ግማሽ ሆኖ የሚጣበቅና የሚላቀቅ ማያያዣ) አንዱን ግማሽ በጥጥ ጨርቅ ላይ ስፉ፤ ጨርቁን በላይኛው ጠርዝ፣ መርፌው ክሩን ሳይወጋ በድሮች መካከል እያለፈ ስፉት። የቬልክሮው ሌላ ግማሽ ግድግዳው ላይ በሚታሰር ጣውላ ይመታል። ክብደቱ በጠቅላላው ወርድ ካልተከፋፈለ ምንጣፉ ይረግባል። ከመስኮት ፀሐይ፣ ከቡናው ጭስና ከዕጣኑ አርቁት፤ ነጩ ቶሎ ይጠቁራል። ብል ከገባው በፕላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ስታወጡት ፕላስቲኩን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ፣ አለዚያ ሱፉ ላይ ጤዛ ይይዛል። ስታስቀምጡ ጠቅልሉት እንጂ አትጠፉት።

ቀሃ_ሠፈር፦ ጠርዙ ዝግ ነው፣ ሰያፍ መስመርም አለው። ቀዩ ግን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ሲነካ ይለቃል።

ድርና_ማግ፦ መልቀቁ ሐሰተኛ አያደርገውም፤ የፋብሪካ ቀለም ነው። ብቻ ውኃ አታስነኩት፣ አቧራውን በዝቅተኛ ኃይል በሚስብ ማሽን አውጡ።