ክላይንቴ ቪዲዮዬ ሥር «ይሄ የኔ ታሪክ ነው» ብላ ጻፈች፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ብሩህ_አማካሪ
ሰላም ለሁላችሁ። አስቸኳይ ነው። በግሌ የምሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ትናንት ማታ እምቢ ማለት ስለሚከብዳቸው ሰዎች አጭር ቪዲዮ ለጠፍኩ። እናቷ በደወለች ቁጥር ሥራዋን ጥላ የምትሄድ ሴት ምሳሌ አድርጌ አነሳሁ። ስም የለም፣ ዕድሜ የለም፣ ምንም የለም። ዛሬ ስነሳ አንዷ ክላይንቴ፣ ማለትም የማማክራት ሴት፣ ሥሩ «ይሄ የኔ ታሪክ ነው አይደል? ቢያንስ ልትጠይቂኝ ይገባ ነበር» ብላለች። የሷ ታሪክ አይደለም! ሰዎች ደግሞ እየመለሱላት ነው። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ከለጠፍኳቸው ሁሉ በላይ እየታየ ነው። ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለን። ላጥፋው? ወይስ «አንቺ አይደለሽም» ብዬ ልመልስላት? ሁሉም ሰው «ኦተንቲክ ሁኚ፣ ራስሽን ሁኚ፣ ታሪክ ተናገሪ» ይላል። ተናገርኩ፣ ይኸው። እባካችሁ ቶሎ።

ቁርጥ_ያለ
አጥፊው።

ሳቂታው
እናቴ እንዳትሰማኝ እንጂ ያ ታሪክ የኔ ነው። ካሳዬን እጠብቃለሁ። ሃሃሃ

መምህር_ነኝ
በቅድሚያ ኦተንቲክ መሆን ማለት ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ ሰው በምክክር እንዲለወጥ የሚያስፈልጉ ስድስት ሁኔታዎችን ዘርዝሯል። ከነሱ አንዱ አማካሪው በግንኙነቱ ውስጥ ራሱን ሆኖ መገኘቱ ነው። «በግንኙነቱ ውስጥ» የሚለውን ልብ ይበሉ። ሮጀርስ አማካሪው የተሰማውን ሁሉ ይዘርግፈው አላለም። ዋናው ዓላማ አማካሪው ስለ ራሱ ደንበኛውን እንዳያታልል ነው። ዛሬ በየቪዲዮው የምንሰማው «ኦተንቲክ ሁኑ» ግን ከገበያ ሰዎች የመጣ ነው፣ ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ስለዚህ እህቴ፣ ጥያቄዎ ከመሠረቱ...

ሳቂታው
መምህር፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው እኮ። ስለ እሳት አፈጣጠር ነገ ይንገሩን።

ቁርጥ_ያለ
እኔ ብያለሁ። ቪዲዮውን አጥፊው፣ አለቀ።

ለምን_እንዲህ
አንድ ነገር ልጠይቅሽ። «የሷ ታሪክ አይደለም» ብለሻል። ታዲያ የማን ነው?

ብሩህ_አማካሪ (ጠያቂ)
የማንም አይደለም። ባለፉት ዓመታት ከሰማኋቸው ከብዙ ሰዎች የተቀላቀለ ነው። ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ፣ እንደዚያ ማድረግ ይፈቀዳል። ደግሞ ሳልጽፈው ቀረሁ እንጂ ኮሜንቱን የጻፈችው በሙሉ ስሟና በፎቶዋ ነው። እህቷ ሥሩ «አማካሪሽ ናት እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች።

ለምን_እንዲህ
ይሄን ነበር መጀመሪያ መጻፍ የነበረብሽ! ስለ መፈቀዱ አልከራከርሽም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብም ማንነቱ እንዳይታወቅ ተደርጎ የተለወጠ ታሪክ ለማስተማር መጠቀም ይፈቅዳል። ግን «የተቀላቀለ» ከሆነ ከሷም ጥቂት ጠብታ አለበት ማለት ነው። ደግሞ ሌላ ሰው ባይለያትም እሷ ራሷን ካወቀች የተጎዳው እምነቷ ነው። ደንቡን ጠብቀሽ ክላይንትሽን ልታጪ ትችያለሽ።

የማታ_ተረኛ
መጀመሪያ ለሳቂታው፦ ካሳህ በፖስታ ተልኳል፣ እናትህ ትቀበልልሃለች።

ብሩህ፣ አሁን ወዳንቺ። በቅደም ተከተል አድርጊው። ኮሜንቱንና ሥሩ ያሉትን መልሶች ስክሪንሾት ያዢ። ከክላይንቷ መዝገብ ጋር ይቀመጥ፣ ስልክሽ ላይ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር እንዳይቀር። ቀጥሎ ቪዲዮውን ለራስሽ ብቻ እንዲታይ ቀይሪው። ያኔ ኮሜንቱም ስሟም ከሰው ዓይን ይጠፋል። ኮሜንቱን ብቻ «ደብቅ» ማለት አይበቃም። ፌስቡክ ላይ ለምሳሌ የተደበቀ ኮሜንት ለጻፈችውና ለጓደኞቿ መታየቱን ይቀጥላል፣ እህቷ ማየቷን አታቆምም ማለት ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ምንም አትመልሺላት። «አንቺ አይደለሽም» ማለት «አዎ፣ ክላይንቴ ናት» ብሎ ለሁሉም ማወጅ ነው። ላይክም አታድርጊ፣ ለእህቷም አትመልሺ። ኢንቦክስም አትግቢ፣ እዚያ ከጀመርሽው ነገ ምክክሩ ኢንቦክስ ውስጥ ይሆናል። ቀጠሮ በምትይዙበት በተለመደው መንገድ አጭር መልእክት ላኪላት፦ «የጻፍሽውን አይቻለሁ። ቪዲዮውን አንስቼዋለሁ። ነገ ስንገናኝ መጀመሪያ የምናወራው ስለሱ ነው።» በቃ። ይሄን ካልላክሽላት ቪዲዮውን ስታጣው «ደበቀችው» ብላ ነው የምታድረው።

ሳቂታው
እኔ ደግሞ ክፍል ሁለት ሥሪ ልላት ነበር። «ክላይንቴ ስትቆጣኝ ምን ተማርኩ» ብለሽ። ቪው በቪው ትሆኛለሽ።

የማታ_ተረኛ
አንተ ትቀልዳለህ፣ የሚሠራው ሰው ግን አለ። ብሩህ፣ እንዳታስቢው። የይቅርታ ቪዲዮም ቢሆን።

ጥላ_ሥር
የሳቂታው የመጀመሪያ ቀልድ፣ «ያ ታሪክ የኔ ነው» ያለው፣ እኮ ቁም ነገር አለው። በ1948 (እ.ኤ.አ.) በርትራም ፎረር የሚባል የሥነ ልቦና መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠ። ከዚያ «ውጤታችሁ» ብሎ ለእያንዳንዳቸው ጽሑፍ አደላቸው። ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከ5 እንዲሞሉ ሲጠይቃቸው አማካዩ 4.26 ወጣ። ለሁሉም የሰጣቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፣ አብዛኛውን ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ላይ ነው የለቀመው። ስለዚህ ከራስሽ ብትፈጥሪውም እንኳ አንዱ «እኔ ነኝ» ማለቱ አይቀርም።

ይሄን ግን ነገ ለሷ እንዳታስተምሪያት! ለሚቀጥሉት ነው የሚጠቅምሽ። የመጀመሪያው ቀን በምታስፈርሚው የስምምነት ወረቀት ላይ ኦንላይን እንደምትሠሪ ጻፊ። የክላይንት ታሪክ ላይ ምን እንደምታደርጊና እንደማታደርጊ፣ ኮሜንት ቢያደርጉ ለምን እንደማትመልሺ፣ የሚመስላቸው ነገር ካዩ በቀጥታ እንዲነግሩሽ። የአሜሪካ አማካሪዎች ማኅበር የ2014 ደንብ ማኅበራዊ ሚዲያ የስምምነቱ አካል እንዲሆን ይላል፣ የግልና የሙያ ገጽም እንዲለያይ። ለነገሩ ቪዲዮውን በግል ገጽሽ ነው የለጠፍሽው?

ቁርጥ_ያለ
እስካሁን አላጠፋሽውም? አጥፊው እኮ።

ድሮ_ቀረ
እኔ የማይገባኝ ይሄ ሁሉ ኮንቴንት ለምን እንደሆነ ነው። አማካሪ በሰው ጥቆማ ነበር የሚገኘው። ካሜራ ፊት መደነስ ከመቼ ወዲህ ነው ሙያ የሆነው?

ጥላ_ሥር
ጋሼ፣ ጥቆማው ዛሬም አለ። ግን የተጠቆመው ሰው ከመደወሉ በፊት ስምዎን ይፈልጋል። ምንም ካላገኘ ይፈራል።

አዲስ_ቢሮ
ከሰው ታሪክ የሚሻል ምስክርነት ነው። የረኩ ክላይንቶችሽን ሁለት መስመር እንዲጽፉልሽ ጠይቂያቸው። እውነተኛ ነው፣ በፈቃዳቸው ነው።

ለምን_እንዲህ
አዲስ ቢሮ፣ እንዳታደርገው። ሁለቱም ከላይ የተጠቀሱት ደንቦች አሁን ከምታማክራቸው ሰዎች ምስክርነት መጠየቅን ይከለክላሉ። ምስጢሯን የያዘ ሰው ሲለምናት እንዴት እምቢ ትላለች? የብሩህ ቪዲዮ ርዕስ ራሱ ይሄው ነው።

ወይዘሮ_ጨዋታ
ብሩህዬ፣ አይዞሽ። እኔ ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ኮንቴንትም እሠራለሁ። የክላይንት ታሪክ ግን አልነካም፣ ተቀይሮም ቢሆን። የሚወራ ነገር ሞልቷል። የመጀመሪያው ቀን ምን ይጠየቃል? ሰው አልቅሶ መናገር ቢያቅተው ምን ይሆናል? አማካሪ አልስማማ ሲል እንዴት ይለወጣል? እኔ የማልችለው ምንድን ነው፣ ወደ ማን እልካለሁ? ይሄን ቀለል አድርገሽ ስትነግሪያቸው ሰዎች አንቺን ያዩሻል። ጓዳሽን ክፈቺ አይደለም የምልሽ። ያልረገበ የራስሽን ጉዳይ ከለጠፍሽ ክላይንትሽ አይታው ትመጣና አንቺን ስታጽናና ሰዓቷ ያልቃል።

ደግሞ ጽሑፉን ሌላ ሰው ወይም ማሽን ከጻፈልሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ለክላይንት ፊት ለፊት የማትዪውን ቃል ለካሜራም አትበዪው። ምሳሌ ካስፈለገ ዓይን ያወጣ ፈጠራ ይሁን፣ «የፈጠርኳት ሴት ናት» ብለሽ ጀምሪ። ሥራዋንም፣ ችግሯንም፣ የደወለውንም ሰው ከሰማሽው አትውሰጂ።

ስለ ነገው ደግሞ፦ መከላከል አትጀምሪ። ስታየው ምን እንደተሰማት ጠይቂያትና ዝም ብለሽ ስሚ። ከዚያ እውነቱን ንገሪያት። ከሷ የወሰድሽው ካለ «አለ» በያት። ዛሬውኑ ሱፐርቫይዘርሽ ጋ (ሥራሽን የምትከታተልልሽ አማካሪ ጋ) ደውዪ፣ እኛ እሷን አንተካም።

ብሩህ_አማካሪ (ጠያቂ)
ቪዲዮውን ለራሴ ብቻ አድርጌዋለሁ። መልእክቱንም ልኬላታለሁ። አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ሱፐርቫይዘሬ ስልክ አላነሳችም፣ ማታ እሞክራለሁ።

ቁርጥ_ያለ
ለራስ ብቻ ማድረግና ማጥፋት አንድ አይደለም።

የማታ_ተረኛ
ወንድሜ፣ ሰማንህ።

ወይዘሮ_ጨዋታ
ብሩህዬ፣ ቀጠሮው እንዴት ሆነ? መጣች?

ጥላ_ሥር
እኔም እየጠበቅኩ ነው።

አዲስ_ቢሮ
እሷ እስክትመለስ የኔን ልጠይቅ። የሥራ ገጽ ከከፈትኩ ወዲህ «ሊያውቋቸው የሚችሉ ሰዎች» እያለ ክላይንቶቼን ያሳየኛል። እኔንም ለነሱ ያሳያቸዋል መሰለኝ። ምን ነክቼ ነው?

የማታ_ተረኛ
ምናልባት የስልክህን ስም ዝርዝር እንዲያነብ ፈቅደህለታል። ከስልክህ ሴቲንግ ገብተህ መተግበሪያው «ኮንታክት» እንዳያይ ከልክለው። ከዚያ መተግበሪያው ውስጥ ቀድሞ የጫንካቸውን ኮንታክቶች አጥፋ፣ መከልከሉ ብቻ የተወሰደውን አይመልስም። የክላይንት ስልክም በግል ስልክህ ላይ በሙሉ ስም አይቀመጥ።