በስድስት ቅብብል የሚያልፍ የሴንሰር መረጃ ሳይጠፋ እንዲደርስ ምን ይደረግ?

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በቃሉ ወረዳ ማሽላ በተዘራባቸው ማሳዎች ውስጥ የአፈር እርጥበት የሚለኩ ሴንሰሮች ተክለናል። ኖዶቹ (ሴንሰሩንና ሬዲዮውን የያዙት ትናንሽ መሣሪያዎች) በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ እየተቀባበሉ መረጃውን ኮረብታው ላይ ወዳለው መሰብሰቢያ ጣቢያ ያደርሳሉ፤ ከሁሉም ርቆ የሚገኘው ኖድ የሚልከው ፓኬት (አንድ የመረጃ ጥቅል) ስድስት ቅብብል ያልፋል። በግንቦት ሲተከሉ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይደርስ ነበር፤ ከነሐሴ ወዲህ ግን ከሩቆቹ ኖዶች የሚላከው ግማሽ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቋርጥ ተጨማሪ ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ የሚወሰነው በዚሁ መረጃ በመሆኑ ጉዳዩ ለገበሬዎቹ ቀላል አይደለም። ያሰብነው ጣቢያው ለእያንዳንዱ ፓኬት የመድረስ ማረጋገጫ እንዲመልስ፣ ማረጋገጫ ያላገኘው ኖድም ደግሞ እንዲልክ ማድረግ ነው። ይህ ያዋጣል ትላላችሁ?

መልስ (ከደሴ)

ማረጋገጫው ከጣቢያው ብቻ እንዲመጣ ማድረጉን አልመክርም። በእያንዳንዱ ቅብብል ከመቶ 90 ፓኬት ያልፋል ብንል እንኳ ስድስቱን አልፎ የሚደርሰው 53 ገደማ ብቻ ነው። ማረጋገጫውም በዚያው መንገድ መመለስ ስላለበት ላኪው መድረሱን የሚያውቀው ከመቶ ለ28 ያህሉ ብቻ ይሆናል። በዚህም የተነሣ የደረሰውን ፓኬት ሳይቀር እንደገና ይልካል፤ መሐል ያሉት ኖዶችም በየድጋሚው ባትሪያቸውን ይጨርሳሉ።

ይልቁንም ማረጋገጫው በየቅብብሉ፣ ከጎረቤት ኖድ ይምጣ። አይትሪፕልኢ 802.15.4 የተባለው፣ አነስተኛ ኃይል ለሚጠቀሙ የአጭር ርቀት ሬዲዮዎች የወጣው መመዘኛ ይህን በውስጡ ይዟል፤ ማረጋገጫ እንዲጠየቅ ከተደረገ፣ መልስ ያጣ ኖድ እስከ 3 ጊዜ ደግሞ እንዲልክ መነሻ ቅንብሩ ይፈቅዳል። በዚህ ስሌት አንዱ ቅብብል 99.99፣ ስድስቱ በአንድነት 99.94 ከመቶ ያደርሳሉ። ማረጋገጫው ራሱ ሲጠፋ አንድ ፓኬት ሁለት ጊዜ ሊገባ ስለሚችል እያንዳንዱ ልኬት ተከታታይ ቁጥር ይኑረው።

መልስ (ከቆቦ)

ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው እያንዳንዱ ሙከራ ከሌላው ነጻ ሲሆን ነው፤ በሬዲዮ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ተከታትሎ ይመጣል። እኔ ትኩረቴን የሳበው "ከነሐሴ ወዲህ" የሚለው ነው። በግንቦት ማሳው ባዶ ነበር፤ አሁን ግን ማሽላው ከአንቴናዎቹ በላይ ቆሟል። 2.4 ጊጋኸርዝ ውሃ ባዘለ ቅጠልና አገዳ ውስጥ ሲያልፍ ክፉኛ ይዳከማል፣ ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ መደጋገም ያንኑ እንቅፋት ሦስት ጊዜ መግጨት ስለሚሆን፣ በድጋሚዎቹ መካከል ፋታ ይኑር። ከሁሉ በፊት ግን ሶፍትዌሩን ሳትነኩ ምሰሶዎቹን አስረዝሙና አንቴናዎቹን ከማሽላው ራስ በላይ አውጡ። የአገራችን ረጃጅም ዝርያዎች ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሄዱ፣ ቁመቱ የሚወሰነው በዘር ወቅት ሳይሆን እሸት በሚደርስበት ጊዜ በሚታየው ነው።

የመንገድ አመራረጡንም ተመልከቱ። ሲቲፒ (Collection Tree Protocol) የተባለው፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በጥናት የቀረበው የኖዶች መረጃ መሰብሰቢያ ደንብ መንገድ የሚመርጠው በቅብብል ብዛት ሳይሆን ፓኬቱን ለማድረስ በሚያስፈልገው የመላክ ብዛት ነው። ሰባት ጠንካራ ቅብብል ከአምስት ደካማ ቅብብል ሊሻል ይችላል።

ጠያቂው

እናመሰግናለን፤ ምሰሶዎቹን እናስረዝማለን። ሁለት ነገር ግን አሳስቦናል፤ መደጋገሙ ባትሪ አይጨርስም ወይ? መሐል ያለ ኖድ ፓኬቱን ከተቀበለ በኋላ ሥራ ቢያቆምስ?

መልስ (ከደሴ)

በብዙ ኖዶች ላይ የሚገኘው ሲሲ 2420 ሬዲዮ ሲያዳምጥ 18.8፣ በሙሉ ኃይሉ ሲልክ 17.4 ሚሊአምፔር ይወስዳል። ባትሪ የሚበላው እንግዲህ ጥቂት ድጋሚ ሳይሆን ሬዲዮውን ያለ ሥራ ከፍቶ ማዳመጥ ነው፤ ቁጠባችሁ እዚያ ላይ ይሁን።

ሁለተኛው ስጋት ተገቢ ነው። የጎረቤት ማረጋገጫ ፓኬቱ አንድ እርምጃ መሄዱን እንጂ ጣቢያ መድረሱን አይናገርም። ስለዚህ ልኬቱን የወሰደው ኖድ በራሱ ፍላሽ ማህደረ ትውስታ (ኃይል ቢቋረጥም መረጃ በማይጠፋበት ማስቀመጫ) ያቆየው፤ ጣቢያው በተከታታይ ቁጥሮቹ መካከል ክፍተት ሲያይ የጎደሉትን ብቻ ይጠይቅ። መጨረሻ ላይ የጠፋ ፓኬት ክፍተት ስለማያሳይ፣ ጣቢያው ልኬት የሚመጣበትን ሰዓት አውቆ ሰዓቱ ካለፈ ሳይጠበቅ መጠየቅ አለበት። የአፈር እርጥበት ቶሎ ቶሎ ስለማይለዋወጥ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቅጠሉ በሚደርቅበት የቀትር ሰዓት መጠየቁ ይበቃል።